መርካቶ የሚያድረውን ሰው ያስመዘገቡት የአቶ ጎበዜ ካሳ ዜና ሕይወት

አቶ ጎበዜ ካሳ ከአባታቸው ከአቶ ካሳ ወልዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩነሽ አያሌው በጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ስድስተኛ ክፍልን እዚያው ጨርሰው፣ በ1958 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በመምጣት ራጉኤል ጀርባ ከአጎታቸው ዘንድ ተጠግተው፣ ቀን ስፌት እየለመዱ ማታ እየተማሩ እስከ አሥረኛ ክፍል ዘልቀዋል። ከዚያም በአቶ ባህረዲን የጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ተክለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተዋል። በ1970 ዓ.ም. ከወይዘሮ እቴቴ ጣሰው ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው እምነትንና ጴጥሮስን ወልደዋል።

መንግሥት ተለውጦ ምርጫ ሲመጣ፣ በ1987 ዓ.ም. ለምርጫ ክልላቸው የቀረበውን እጩ ሰፈር ውስጥ የሚያውቀው ሰው በማጣታቸው ተቆጭተው፣ በ1992 ዓ.ም. ራሳቸው በግል ተወዳደሩ። ምልክታቸው መቀስ ነበር። ከሰባተኛ እስከ አውቶቡስ ተራ ያለው ነጋዴ «ጋሼ፣ ወንበሩ የእርስዎ ነው!» እያለ ሲያጨበጭብላቸው አምነው ቢጠብቁም፣ ያገኙት ድምፅ መቶ አሥራ ሁለት ብቻ ሆነ። ለካስ ያ ሁሉ ደጋፊ መርካቶ ይውላል እንጂ መርካቶ አያድርም፤ የሚመርጠውም በሚያድርበት ኖሯል። አቶ ባህረዲን ራሳቸው ኮልፌ በሚገኘው ጣቢያቸው ወረቀቱ ላይ መቀስ ፈልገው ቢያጡ፣ «ጓደኛዬን ሰርዛችሁታል!» ብለው ጣቢያውን ቀውጢ አድርገውት ነበር። ገበያውን እንደ ሰፈር መቁጠራቸው የእሳቸው ስሕተት እንደሆነ ጋሽ ጎበዜ ለማንም አልደበቁም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እጁን ይሰጥ ነበር። እሳቸው ግን መርካቶ የሚያድረው ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ በየጓሮው በአንድ ክፍል ስምንትና አሥር ሆነው የሚያድሩ፣ የቀበሌ መታወቂያ ስለሌላቸው ለምርጫ የማይመዘገቡ ተሸካሚዎች ሆነው አገኟቸው። ስለዚህ አምስት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ መኪናቸውን ከድነው፣ መሸኛ ለማስላክ ወደየትውልድ ቦታቸው እየጻፉ፣ እማኝ እየሆኑ ቀበሌ ወሰዷቸው። «ምን አገባዎት?» ቢባሉም፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ» ቢባሉም በሚቀጥለው ሰኞ በሩ ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ነበሩ። በዚህ ሁኔታ ሦስት መቶ አርባ ሰው ባለ መታወቂያ አደረጉ።

በ1997 ዓ.ም. ዳግም ተወዳደሩ፤ በምርጫው ዕለት እነዚያ ሰዎች ከየጓሮው ወጥተው ሲሰለፉ ጋሽ ጎበዜ አለቀሱ። ውጤቱ ሲለጠፍ ግን መቀስ ያገኘው ስድሳ አንድ ድምፅ ነበር። መጀመሪያ መታወቂያ ያወጡለት ተሸካሚ ፉርቃን ፊት ለፊት መጥቶ፣ «ጋሼ፣ አይቀየሙን፤ ብቻዎን ገብተው ምን ያደርጉልናል ብለን ፓርቲ መረጥን» አላቸው። እጅግ ከፋቸው፤ ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጡም። እኛም አበቃላቸው ስንል፣ በሁለተኛው ሰኞ ሁለት አዳዲስ ተሸካሚዎች አስከትለው ቀበሌ ደጃፍ ታዩ። ፉርቃን ደንግጦ ቢጠይቃቸው፣ «መታወቂያውን ያወጣሁልህ እንድትመርጥ እንጂ እኔን እንድትመርጥ አይደለም። ብትመርጠኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር» ሲሉ መለሱለት። ከዚያ ወዲህ አልተወዳደሩም፤ ሰኞንም አላቋረጡም።

በ2005 ዓ.ም. በስኳር ሕመም ምክንያት አንድ እግራቸውን አጡ። በ2007ቱ ምርጫ ፉርቃን አዝሏቸው ሄዶ መርጠዋል። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ቅዳሜ የካቲት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ ሬሳቸውን ለማንም አናስነካም ብለው ተሸክመው ያመጡትን ተሸካሚዎች ትተውልናል።

ለቀስተኞች ሆይ፣ ነገ ሰኞ ነው። ልጃቸው እምነት በአባቷ ኑዛዜ፣ ለመታወቂያ ቀጠሮ የተሰጣቸውን ሦስት ሰዎች ይዛ ወረዳ ትሄዳለች፤ ከድንኳን ስታጧት ሐዘኗን ተወች ብላችሁ እንዳትቀየሟት ቤተሰቡ ይለምናችኋል። እግዚአብሔር አምላክም የአባታችንን ነፍስ ተቀብሎ፣ ከቅዱሳኑ መንደር ነዋሪዎች ጋር ይመዝግብልን። አሜን።