የተሰረዘው እጩና ምስክሯ

ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ የሰው ወሬ መስማት ነውር መሆኑን ስለማውቅ፣ እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ለማሳመኛም ትንሽ እያንኮራፋሁ አዳመጥኩ። ከፊቴ አንድ ጎልማሳና አንዲት ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል።

«ወዴት ነህ ልጄ?»

«ፍርድ ቤት፣ እናቴ። ለቡና ማኅበራችን ሊቀመንበርነት ተጠቁሜ ነበር፤ አስመራጭ ኮሚቴው ሰረዘኝ። ዳኛው ዛሬ ካልመለሰኝ ምርጫው ነገ ነው።»

«ምን አጥፍተህ?»

«ቡናህን ለነጋዴ ሸጠሃል ብለው። እንዲህ ያደረገ አባል እጩ አይሆንም ይላል ደንቡ።»

«ሸጠሃል?»

«የማኅበሩ መፈልፈያ ማሽን ተበላሽቶ ነበራ! እሸት ቡና ደጅ ያድራል እንዴ?»

«የእኔ አደረ።»

«ምን አሉኝ?»

«ይጠገናል ብዬ በር ላይ ጠበቅኩ። ጠዋት ሸቶ ደፋሁት።»

«የእኛ ማኅበር አባል ነዎት?»

«የኮሚቴው ምስክር ነኝ። አንተ ነጋዴው መኪና ላይ ስትጭን እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ሊሉ ነው?»

«ማሽኑ መበላሸቱን እናገራለሁ። ስትጭን ማየቴንም እናገራለሁ።»

«እናቴ፣ ሁለተኛውን ቢተዉት ምን አለ! ከተመረጥኩ ያን ማሽን የማስጠግነው እኮ እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ። ዳኛው ከመለሰህ ነገ የምመርጠው አንተን ነው።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ያየሁትን እናገራለሁ።»

ሚስቴ አፍህ አይዘጋም የምትለኝ እኔ፣ የውሸት እንቅልፌ እንዳይነቃብኝ ብዬ፣ መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።