ሶኬቱ አጠገብ የቆመችው

ቴሌቪዥኔ ስዕሉ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ከቀረ ሰንብቷል። ልጆቼ «ይጣልና ቀጭኑ ይገዛ» እያሉ ነዘነዙኝ፤ እኔ ግን አብሮኝ ያረጀ ዕቃ አውጥቼ መጣል አይሆንልኝም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቴን የእጅ ጋሪ ተውሼ፣ ያን ጀርባው የተንዘረጠጠ ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ቁልቁለቱን ያዝኩ። ዕድሜዬን ሙሉ መድኃኒት ቤት ቆሜ የሐኪሞችን ጽሕፈት ስፈታ ኖሬ፣ በጡረታዬ ደግሞ በሽተኛ ገፍቼ ወደ ሐኪም መሄዴ ለራሴም አሳቀኝ።

ሐኪም የምላቸው የሰፈራችንን ዕቃ ጠጋኝ ነው። የሞተ ሬዲዮ ስለሚያስነሱ ሰው ሁሉ «ሐኪሙ» ይላቸዋል። ባለቤታቸውን ደግሞ «ነርሷ» እንላቸው ነበር፤ ባላቸው ሲሠሩ ከአጠገባቸው ስለማይጠፉ። ነርሷ ካረፉ ዓመት አልፏል። እኔም ከቀብሩ ወዲህ ደህና አድርጌ አልጠየቅኳቸውም ነበር።

መታጠፊያው ላይ ጋሪው አመለጠኝና ወደ ቦዩ ሊገባ ሲል አንዲት ወጣት ሮጣ ደርሳ ያዘችልኝ። በብብቷ የተጠቀለለ ጥቁር የጎማ ምንጣፍ ይዛለች። ቀና ስትል አወቅኋት፤ የነርሷ የእህት ልጅ ናት። እነሱ ቤት አድጋ፣ ተምራ፣ ዛሬ ሌላ ከተማ ባለ የሙያ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ አስተማሪ ሆናለች።

«ወደ ጋሼ ነው የሚሄዱት?» አለችኝ።

«ወደ እሳቸው ነው። አንቺስ በደህና ነው?»

«እንጃ። ጎረቤት ደውሎልኝ ነው የመጣሁት። ባለፈው ከበርጩማቸው ወድቀው ተገኝተዋል። ሲጠይቋቸው ራሴን አዞረኝ አሉ። የግራ እጃቸው ግን ተቃጥሎ በጨርቅ ታስሯል አሉኝ። ራስ ማዞር እጅ አያቃጥልም፣ አይደል?»

አያቃጥልም አልኳት። ከዚያ በኋላ ጋሪውን አብረን ገፋን።

የሐኪሙ መሥሪያ ቤት የመኖሪያቸው የፊት ክፍል ነው። መደርደሪያው ላይ ክዳናቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች ተኮልኩለዋል። የሥራ ጠረጴዛው መስኮቱን ያያል። ሶኬቱ ያለው ግን ከጀርባቸው፣ ወደ ጓዳ በሚያስገባው በር አጠገብ ነው። ከሶኬቱ ጎን ባለው ምስማር ላይ የነርሷ አረንጓዴ ሹራብ ተሰቅሏል፤ ትከሻው አቧራ ይዟል። ሲሚንቶው ወለል ገና መታጠቡ ነው፣ ውሃው አልደረቀም። ሐኪሙ በነጠላ ጫማ ቆመዋል።

«ፋርማሲ፣ ጠፍተህ ጠፍተህ መጣህ» አሉኝ። ልጅቷን አገላብጠው ሳሙ። እጃቸውን ልትይዝ ስትል ወደ ኋላ ሸሸጉት። «ደክሞሻል፤ ግቢና ውሃ ጠጪ። እኔ ይህን በሽተኛ ልየው» አሉና ወደ ጓዳ ሰደዷት።

ሐኪሙ ቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ ላይ አውጥተው የጀርባ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈቱት። ገመዱን ወደ ኋላ ስበው ሶኬቱ ላይ ሰኩ። በቴስተራቸው እዚህም እዚያም እየነኩ «እዚህ ድረስ ኃይል አለ። እዚህ ጋ ይጠፋል። አገኘሁት መሰለኝ» እያሉ ያጉተመትሙ ጀመር። ከዚያም ቴስተሩን አስቀመጡና፣ ዞር ሳይሉ፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ንቀይው» አሉ።

ከኋላዬ ማን አለ ብዬ ዞርኩ። ሹራቡ ብቻ ነው ያለው።

ሐኪሙ አንድ ትንፋሽ ያህል ጠበቁ። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ሆድ ሰደዱ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ልጅቷ ከጓዳው በር ላይ ብርጭቆ እንደያዘች አይታ ኖሮ፣ ተወርውራ ገመዱን ነቀለችው።

«ተነቅሏል» አለች። «ግን እጅዎን አያስገቡ። ይመልሱት።»

ሐኪሙ ዞሩ። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ አልነበረም፤ ደስታ ነበር። ድምፁ የአክስቷ ድምፅ ነው። ቃሉም የአክስቷ ነው። ወዲያው ልጅቷን አዩና ደስታው ከፊታቸው ወረደ።

«አንቺ ነሽ እንዴ» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

ከዚያ እሷ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና «እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ» አለች።

ጨርቁን ፈታችው። በቀለበት ጣታቸው ዙሪያ፣ ልክ ቀለበቱ ባለበት፣ ቆዳው ተልጦ ጠቁሯል። ቀለበቱ ግን እዚያው ነው።

«ሽቦ የምበይድበት የሊድ ማቅለጫ ነክቶኝ ነው» አሉ ሐኪሙ።

«የሊድ ማቅለጫ ጣት ዞሮ ያቃጥላል እንዴ? ቀለበቱ ኃይል ካለበት ብረት ጋር ተገናኝቶ ነው የጋለው። ይሄ ወርቅ ነው፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ የጋብቻ ነው ብሎ አይተወውም።»

«አንቺ ገና ሳትወለጂ እኔ በዚህ እጅ የስንቱን ቤት ሬዲዮ አናግሬያለሁ። እስከ ዛሬ ምን ሆንኩ? ኤሌክትሪክና እኔ እንተዋወቃለን።»

«ኤሌክትሪክ ማንንም አያውቅም ጋሼ። ቢያውቅዎትማ ባልዘረረዎት።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረው ምስክር ፈለጉ። እኔም እዚህ ላይ ሁለቱንም ወገን ደስ ላሰኝ አልቻልኩም። ስንት ዘመን ሙሉ መድኃኒት ስሰጥ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ሰው ሁሉ ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለዋል። በተለይ ብዙ ጊዜ የወሰደውና ምንም ያልሆነው ሰው። «ሐኪም፣ ልጅቱን ቢሰሟት ምን ይጎዳሉ?» አልኳቸው። በዓይናቸው ገረመሙኝ።

«ተናገሪ እንግዲህ» አሏት።

«ወለሉን ማን አጠበው?»

«እኔ ነኛ። ቤቴ ይቆሽሽ?»

«አይቆሽሽ። ግን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በነጠላ ጫማ ቆመው የተከፈተ ቴሌቪዥን ሲነኩ፣ ኃይሉ በእርስዎ በኩል ወደ መሬት እንዲወርድ መንገድ ጠርገው ሰጡት ማለት ነው። አሁን ደግሞ ሁለቱንም እጅዎን ነበር ያስገቡት። በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መሐል ላይ ያለው ልብ ነው። እኔ ተማሪዎቼን አንዱን እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ እላለሁ።»

«ኪሴ ተቀዷል» አሉ ሐኪሙ። እሷም ሳቀች፤ ግን አልለቀቀቻቸውም።

«ያ ግድግዳው ላይ ያለው የኃይል ማከፋፈያ ፊውዝስ? በሽቦ ነው ያሰሩት።»

«በየቀኑ እየተቃጠለ አስቸገረኛ።»

«እየተቃጠለ የነገረዎትን ነው በሽቦ አፉን የዘጉት። ፊውዝ የሚቃጠለው እርስዎ እንዳይቃጠሉ ነው።»

«እሺ፣ አሁንስ ተነቅሎ የለም? ለምን እጅህን አታስገባ አልሽኝ?»

«ቢነቀልም ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመ ኃይል አለ። ኮንደንሰሩ ይይዛል፣ የስክሪኑ ብርጭቆ ደግሞ ይብሳል፤ አንዳንዱ ቢያድርም አይለቅም። በቴስተር ለክተው፣ ኃይሉን በደንቡ አፍስሰው፣ እንደገና ለክተው ነው እጅ የሚገባው።»

ሐኪሙ ቴስተራቸውን አገላበጡ። «ይሄ ሁሉ የመጽሐፍ ነገር ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኛ ይህን ሳናውቅ ነው የኖርነው።»

«የመጽሐፍ አይደለም ጋሼ። የአክስቴ ነው።»

ቀና አሉ።

«እኔ እዚያ ጥግ ላይ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ አይደል ያደግኩት? ወለሉ የሚታጠበው ማታ፣ እርስዎ ሥራ ሲጨርሱ ነበር። ጠዋት ውሃ ብደፋ የጮኸችብኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ንቀይው ሲሏት ትነቅልና ተነቅሏል ትላለች፤ ብላም አትተወውም፣ የገመዱን ጫፍ ከፍ አድርጋ ታሳይዎታለች። ከዚያ ውሃ ትሰጥዎታለች። ብርጭቆው ባዶ ሳይሆን ዕቃውን አታስነካዎትም። ረሱት?»

«አልረሳሁም» አሉ። «ውሃ እንድጠጣ ነበር የምትለፋው። ኩላሊትህን ትላለች።»

«ለኩላሊትም ይሁን፣ እርስዎ ውሃውን እስኪጨርሱ የተወሰነው ኃይል ይፈስ ነበር። ዛሬ ውሃው ብቻውን አያስተማምንም፤ መለካት አለበት። ግን ጥንቃቄው ድሮም እዚህ ቤት ነበረ። እርስዎ የድሮውን ልማድ ይዤ ነው ይላሉ እንጂ የያዙት ግማሹን ነው። ደንባችሁ ሁለት ቃል ነበረው። እርስዎ የራስዎን ቃል ብቻ ይዘው፣ የእሷን ሳይሰሙ ነው እጅዎን የሚያስገቡት።»

ሐኪሙ ወደ ሹራቡ ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ የተናገሩት ለእሷም ለእኔም አይመስልም ነበር።

«ሁለተኛውን ቃል እኔው ካልኩት፣ የለችም ማለት ነው። ንቀይው ብዬ ዝም ስል ያቺ አንድ ትንፋሽ አለች አይደል? እዚያች ውስጥ እሷ አለች። አሁን ልትመልስልኝ ነው እላለሁ። ይኸው ዓመት ሙሉ ልትመልስልኝ ነው እላለሁ። ለእሷ ብዬ ነው እንጂ ይህን ሥራ ድሮ በተውኩት። ልጠግንም አይደለም የምቀመጠው። ንቀይው ለማለት ነው።»

እኔ መስኮቱን አየሁ። ሰው ናፍቆቱን እንዲህ ገልጦ ሲያወጣው ፊቱን ማየት ይከብዳል።

ልጅቷ ግን አየቻቸው። ዓይኗ ሞልቷል፣ ድምፅዋ አልተሰበረም። «እኔም እዚህ ቤት ስገባ እሷን ነው የምፈልገው» አለች። «ቅድም ሲዞሩ ፊትዎን አይቼዋለሁ። እሷን ጠብቀው እኔን በማግኘትዎ ቅር አለዎት። አልቀየምኩም፤ በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔንም ቅር ይለኛል። ግን ጋሼ፣ እሷን ቀብሬያለሁ። እርስዎም እሷን ሲጠሩ ሞቱ ብሎ ሰው እንዲነግረኝ አልፈልግም። ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ የቆመችው እንዳይሞቱ ነበር።»

«እና ንቀይው ማለቱን ተው ትይኛለሽ።»

«አልልም። ይበሉ። ያቺንም ትንፋሽ ይጠብቋት። ከዚያ ግን ተነስተው ይንቀሉ።»

ይህን ክርክር ሳዳምጥ ስለ ራሴ ሙያ አሰብኩ። ሰውን ከልማዱ የምናላቅቀው ልማዱን በማጥላላት ይመስለናል፤ ልማዱ ውስጥ ያለውን ፍቅር ሳይነኩ አደጋውን ብቻ ነቅሎ ማውጣት ግን ሌላ ጥበብ ነው። ይህች ልጅ ያን ጥበብ ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ከአክስቷ ሳይሆን አይቀርም።

ሐኪሙ ቀስ ብለው ተነሱ። ሳሙና አስመጡና ጣታቸውን አሙለጨለጩ። ቀለበቱ አልወጣ ብሎ አስቸገረ፤ ሲወጣ በቦታው የጠቆረው የቃጠሎ ክብ ብቻ ቀረ። በመዳፋቸው ይዘው ወደ ግድግዳው ሄዱ፣ ሹራቡ የተሰቀለበት ምስማር ላይ አጠለቁት።

«እንግዲህ ቀለበቴ እዚህ ከሆነ» አሉ፣ «ሥራ ስጀምር ላኖረው፣ ስጨርስ ላነሳው እመጣለሁ። ከመጣሁ ደግሞ ሶኬቱን አያለሁ።»

ልጅቷ ይህን ከመጽሐፍ አላነበበችውም፤ በፊቷ ታየኝ። ወደ ምስማሩ ጠጋ ብላ መረመረችና «ከሶኬቱ ጋር እስከማይነካካ ራቅ ያለ ነው፤ ጥሩ ነው» አለች በአስተማሪ ድምፅ። ሐኪሙም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ፈተናውን አለፍኩ» አሏት።

ከዚያ ወለሉ በደረቅ ጨርቅ ተወለወለ፣ የጎማው ምንጣፍ ተነጠፈ። ሐኪሙ የተዘጋ ጫማቸውን አድርገው መጡ። ገመዱ እስከዚያ ድረስ መሬት ላይ ነበር፤ ልጅቷ «ለልምምድ» ብላ መልሳ ሰካችው። እሳቸውም ጠረጴዛቸው ጋ ተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ሰጡን።

«ንቀይው» አሉ።

ልጅቷ ከሶኬቱ አጠገብ ነበረች፤ እጇን አላነሳችም። ያቺ አንድ ትንፋሽ አለፈች። ሐኪሙ ተነሱ፣ ሄዱ፣ ነቀሉ። የገመዱን ጫፍ ይዘው ተመለሱና ጠረጴዛው ላይ፣ ከዓይናቸው ፊት አኖሩት። ቃሉ ሲወጣ ደረቅ ነበር።

«ተነቅሏል።»

ውሃቸውን ሙልጭ አድርገው ጠጡ። ለኩ፣ ልጅቷ እንዳሳየቻቸው አፈሰሱ፣ ደግመው ለኩ። ምልክቱ ዜሮ ላይ ሲያርፍ አንዱን እጃቸውን ወደ ኪሳቸው፣ ወደ ቀዳዳው፣ ከተቱ። የበሽተኛዬ ሕመም አንድ የተሰነጠቀ ብየዳ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ያ ቤት ተለውጧል። የሐኪሙ ጣት ድኗል። በሽቦ የታሰረ ፊውዝ ይዞ የመጣን ሰው ሳይቆጡ አይሸኙም። ዕቃ ለማስጠገን የመጣ ሁሉ ምክር ሳይሸከም አይወጣም፤ በማብሪያው ብቻ አጥፍቶ ክዳን መክፈት እንደማይገባ፣ በእርጥብ እጅ ገመድ መንካት እንደማያዋጣ፣ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ መጎተት ሁለት ሰው ማጣት እንደሆነና መጀመሪያ ኃይሉን መቁረጥ እንደሚገባ ይነግሩታል። ከእሳቸው በታች ያለው የምጣድና የካውያ ጠጋኝም የጎማ ምንጣፍ አንጥፏል። የእኔም ልጆች አምፖል ሲቀይሩ እንኳ ቆጣሪውን አጥፍተው ነው። ልጅቷ በየጊዜው ትደውላለች፤ ሐኪሙ «ደህና ነኝ» ሲሏት አሁን ታምናቸዋለች።

እኔ ደግሞ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ጎራ እላለሁ። ግን ወዲያው አልገባም። አንዳንዴ ከውጭ ያ ዝግ ያለ ድምፅ ይሰማኛል፤ «ንቀይው» ይላል፣ እንደ ድሮው፣ ለእሷ። ከዚያ ዝም ይላል። እኔም ደጅ ላይ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። በርጩማው ሲንቋቋ፣ እግራቸው ወደ ግድግዳው ሲሄድ እሰማለሁ። «ተነቅሏል» የሚለውን ሳልሰማ በሩን አንኳኩቼ አላውቅም።