የወይዘሮ ካሣነሽ የልጅ ልጅ ሳትገረዝ ቀረች

በጃንሆይ ዘመን አንድ ዓርብ፣ ወይዘሮ ካሣነሽ ወደ ዓርብ ገበያ የወረዱት ሊገበያዩ አልነበረም። ልጃቸው ብርቱካን ለወሊድ ወደ እርሳቸው ቤት መጥታ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሕፃኗ ነገ ስምንት ቀን ስለሚሞላት ገራዧን ሊጠሩ ነው። መንገድ ላይ የጎረቤታቸውን ልጅ ዓለምጸሐይን አገኙ። ጎንደር አዋላጅነት ተምራ መመለሷ ነበርና፣ ስመዋት የሚሄዱበትን ነገሯት።

«እማማ፣ ባትገረዝስ?» አለች ዓለምጸሐይ።

«ዕቃ ሰባሪ ትሁን? ያልተገረዘች ሴት እኮ የነካችውን ሁሉ ታደቃለች።»

«እርስዎ ተገርዘው የለም እንዴ? አምና የእናቴን እንስራ የሰበረው ማን ነው?»

ካሣነሽ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ኮስተር ብለው፣ ያልተገረዘች ከባሏ ቤት አትረጋም ሲሉ ተከራከሩ።

«ብርቱካን ተገርዛ ረጋች?»

ይህ ወጋቸው። ብርቱካን ከባሏ ከደምሌ ደጋግማ ኮብልላለች። ምክንያቷን ሽማግሌ ሲጠይቃት ፊቷን በነጠላዋ ከመሸፈን በቀር አትመልስም። ጥጋብ ነው እያሉ የሚመልሷት እርሳቸው ነበሩ።

ዓለምጸሐይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስረዳቻቸው። ስለት የነካው ገላ ሲድን ጠባሳው ይጠጥራል፤ ሚስት ከባሏ ጋር ስትተኛ ደስታ በሚገባት ቦታ ሕመም ይሰማታል፤ ስትወልድም ጠባሳው እንደ ልብ ስለማይለጠጥ ይቀደዳል። «ምናልባት ብርቱካን የሸሸችው ሕመሙን እንጂ ደምሌን አይደለም። ራሷን ይጠይቋት» አለቻቸው።

ካሣነሽ የራሳቸው ትዳር ትዝ አላቸው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ መኝታ ስለሚለይ ደስ ይላቸው ነበር፤ ሰው ፋሲካን ሲናፍቅ እርሳቸው ይፈሩት ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ጽድቅ መስሏቸው ኖሯል።

«እኔስ የሴት ሁሉ ዕጣ መስሎኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «መጽሐፉ ግን በስምንተኛው ቀን ይላል።»

«ወንዱን ነው እማማ። መሪጌታን ይጠይቁ።»

ጠየቁ። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልም ስለ ሴት ልጅ አንድም ቃል እንደሌለ አረጋገጡላቸው። ካሣነሽ ገራዧን ሳይጠሩ ተመልሰው ልጃቸውን ሲጠይቋት፣ ብርቱካን እያለቀሰች ልክ እንደተባለው መሆኑን ተናገረች።

በማግስቱ ገራዧ የሕፃኗን መወለድ ሰምታ ራሷ መጣች። ካሣነሽ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠላ ሰጧት፤ ሕፃኗን ግን አላሳዩዋትም።

ዓለምጸሐይ ብርቱካንን አከመቻት፤ ደምሌንም ለብቻው አስቀምጣ ሚስቱ እሺ ሳትለው እንዳይቀርባት መከረችው። ደምሌ አፍሮ መሬት መሬት እያየ ሰማ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ከክርስትናው በኋላ ብርቱካን ማንም ሳይመልሳት፣ ልጇን አዝላ በራሷ እግር ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልኮበለለችም።

ካሣነሽም ለወለደች ጎረቤት ሁሉ ይህንን የማይነግሩ መሰላችሁ? «ልጅሽን አታስነኪ። ደም አይፈሳት፣ ቁስል አያመረቅዝባት፤ ምጧም ይቀላታል። ባሏንም ፈርታ ሳይሆን ወድዳ ታቅፈዋለች።»