መብረቅ የመታው አውሮፕላን

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ በሚወጣ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት እናት አጠገባቸው ለተቀመጠ ወጣት ያወሩ ነበር።

«ልጄን አዲስ አበባ አሳክሜ ስመለስ፣ አባያ ሐይቅ ላይ ስንደርስ አውሮፕላኑን መብረቅ መታው። ግን በደህና አረፍን። እንዴት እንደተረፍን እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

«እኔ ውጭ አገር ስማር የሠራሁት እሱ ላይ ነው፣ እማማ።»

«መብረቅ ላይ?»

«አዎ። የአውሮፕላን ክንፍ የሚሠራበትን ነገር ቆርጠን እናስቀምጥና በማሽን የፈጠርነውን መብረቅ እንለቅበታለን። ካሜራ ያነሳዋል።»

«ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን እንዴት ይደርስበታል?»

«በጣም ፈጣን ነው። ዓይንዎ አንዴ እስኪርገበገብ ብዙ ሺህ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ የቱ ጋ እንደተቃጠለ፣ የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ አንድ በአንድ እናያለን። ደካማው ቦታ እንዲጠናከር ለሠሪዎቹ ይነገራል።»

«የእኛንም አውሮፕላን እናንተ ናችሁ ያያችሁት?»

«የለም፣ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው።»

«እኔ እግዚአብሔርን ብቻ ሳመሰግን ኖርኩ። ስማቸውን ታውቃለህ?»

«የጥቂቶቹን አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ንገረኝ ልጄ። ለጸሎት ስም ያስፈልጋል።»

ወጣቱ የፈረንጆቹን ስም ቀስ እያለ ሲነግራቸው፣ እሳቸውም እየተቀበሉ ሲደግሙ፣ እኔም ከፊት ተቀምጬ በልቤ አብሬያቸው ደገምኩ።