ለኮምፒዩተር የተሰፋ ልብስ

«ዘርፌ፣ የዘንድሮ የናዝሬት ነፋስ ምን ነካው በይ? ጠዋት የጠረግሁትን ቤት ለምሳ እንደገና እጠርገዋለሁ። ትናንትማ የጂብሪልን ሱቅ ቆርቆሮ ገልጦት ነበር አሉ። ያንቺስ ቤት ደህና ነው? ልጆቹስ? … ውይ፣ መምህር! ምነው በር ላይ ቆሙ? ይግቡ እንጂ። እዚያ ወንበሩ ላይ ያለውን ጨርቅ ገፋ ያድርጉና አረፍ ይበሉ።»

መርዳሳ ጨርቁን ገፋ አድርጎ አረፍ አለ። ይዞት የመጣውን የብርቱካን ከረጢት የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ጉልበቱ ላይ አቀፈው። «መምህር» የተባለው እሱ ነው። እስካለፈው ወር ድረስ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ተሻለች «መርዴ» ነበር የሚሉት፤ አንተ እያሉ፣ ሲያሻቸው እየተቆጡ፣ ምሳ ሳይበላ እንዳይወጣ በር ላይ እየቆሙበት። ዛሬ እርስዎ ሆነ። ሰው በአንድ ወር ውስጥ እንዲህ ሲከበር ደስ ሊለው ይገባ ነበር።

የመጣው ልጃቸውን ጫላን ፈልጎ ነው። በ1981 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ ቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ቢቆጠር፣ ቆጠራው መርዳሳ ላይ ጀምሮ እዚያው መርዳሳ ላይ ያልቅ ነበር። ያንን ኮምፒዩተር ሰባት ወር ሙሉ ዕቃ በዕቃ እየለቀሙ የገጣጠሙት እሱና ሬዲዮ ጠጋኙ ጫላ ናቸው። ባለፈው ወር ከአርሲ ነገሌ የእህል መጋዘን ሰዎች ሊያዩት መጡ፤ ከወደዱት የመጋዘናቸውን መዝገብ በሙሉ በእሱ ሊያሠሩ። ኮምፒዩተሩ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ፣ የተቃጠለ ነገር ሸትቶ፣ ጸጥ አለ። መርዳሳም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጫላን አመልክቶ «የማይስማማ ዕቃ ሰብስቦብኝ ነው» አለ። ሰዎቹ አንድ ዕድል ሰጥተውታል፤ ሐሙስ ተመልሰው ይመጣሉ። ለጥገና ፈትቶ በሰው የላከው የተቃጠለው ዕቃ ደግሞ ያለው ጫላ ዘንድ ነው።

«የሆነው ሆኗል፣ እንርሳው» የምትል ንግግር መንገድ ላይ አዘጋጅቶ ነበር። አፉን ከፈተ። ወይዘሮ ተሻለች የስፌት መኪናቸውን ረገጡት፤ መኪናው ተንጫጫና ንግግሯ እዚያው ቀረች።

«ይኸውልሽ ዘርፌ፣ ቀሚስሽን እያሳጠርኩ ላጫውትሽ። አንድ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ ሰው ማማት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ሩቅ ነው… ወደ ቆቃ ግድም ነው እንበል። የተማረ ሰው እንዴት እንደሚያስቀና ልነግርሽ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለኝም። አራት ዓመት ቡልጋሪያ ተምሮ ሲመለስ ሌላው ሹራብና የእጅ ሰዓት ያመጣል፤ እሱ ምን ይዞ መጣ መሰለሽ? ቦርድ። የኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ። በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ። አያስደንቅም?»

«ዘርፌ» የተባለችው ዘርፉ ጎረቤት ናት፤ ቀሚስ ልታሳጥር ብቻ ነበር የመጣችው። ቆቃ ግድም ቦርድ ታቅፎ የመጣ ሰው አለመኖሩን እሷም ታውቃለች። ዓይኗን ከቀሚሷ ላይ አላነሳችም።

«ታዲያ ቦርድ ብቻውን ምን ያደርጋል? የሚያስታውስበት ሜሞሪ የሚሉት አለ፤ ዲስክ የሚያነበው አለ፤ ስክሪኑ አለ። ደግሞም ከግድግዳው የሚመጣውን መብራት አለዝቦ ለሁሉም የሚያከፋፍለው ሣጥን አለ። ይኼን ሁሉ የሚለቅምለት አንድ ልጅ አገኘ። ምስኪን ነው፤ ያልተማረ፣ ከስምንተኛ ክፍል የወጣ ልጅ። አይ ያልተማረ ሰው! ሥራ አያፈጥንም እኮ። ደብተር ገዝቶ ይጽፋል፤ ይኼ ቦርድ የሚቀበለው ሜሞሪ የትኛው ነው፣ የሚሰካበት እግሩ ስንት ነው፣ ፍጥነቱ ምን ያህል ነው እያለ። አንድ ቀን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። እግሩ ልክ ነው፣ ፍጥነቱ ግን አይስማማም አለ። የተማረው ሰው ‹ከገባ ምን አለበት?› ቢለው ያ ደንቆሮ ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‹መግባትማ ይገባል፤ አብሮ መሥራቱ ነው።› … ይኼ መልስ ነው አሁን?»

መርዳሳ ያንን ቀን ያስታውሰዋል። ጫላ ከአውቶቡስ ወርዶ ቀጥታ እሱ ቤት ነበር የመጣው፤ ፊቱን እንኳ አልታጠበም ነበር።

«ሌላ ጊዜ ደግሞ ያችን መብራት አከፋፋይ አገኙ። አዲስ፣ የምታብለጨልጭ፣ እንደ መስታወት ፊት የምታሳይ። ሰውየው ወደዳት። ልጁ ገለበጣት፣ ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን አነበበና መልሷት አለ። ለሌላ አገር መብራት የተሠራች ናት፣ በእኛ ቢሰኳት አንዴ ጮሃ ታርፋለች አለ። ከዚያ ምን አመጣ? ዝገት የበላው፣ ከባድ፣ አስቀያሚ ሣጥን። ‹ይኼ ይችላል› አለና አረፈ። አየሽ፣ ምርጫ የማያውቅ ሰው መልክ አያይም። የሚያየው መቻሉን ብቻ ነው።»

እዚህ ላይ መርዳሳ ሊናገር ጉሮሮውን ጠራረገ። መኪናው ተረገጠ። የቀሚሱ ጫፍ እስኪያልቅ ድረስ ሳያቋርጥ ተረገጠ።

«ብቻ ገጣጠሙት። ልጁ ክዳኑን ክፍት አድርጎ ቅዳሜና እሁድን ሙሉ አሠራው፤ ንቅንቅ አላለም አሉ። ከዚያ ሰውየው ምን አሰበ? እዚህ ላይ ነው አስተዋይነቱ። አቧራውን አሰበ። ልጁ ስለ ፍጥነት፣ ስለ እግር ሲቀባጥር አቧራን ማን አሰበ? ወደ አንዲት ልብስ ሰፊ ሄደ። እሷም እንደ ልጁ ያልተማረች ናት። ሬዲዮ ልብስ ይሰፋለታል አይደል? ቴሌቪዥን ይሰፋለታል። ታዲያ ይኼ ከሁሉም የበለጠው ዕቃ ራቁቱን ይቀመጥ? ሰማያዊ ከፋይ መረጠ፤ ዙሪያውን ዳንቴል። በሜትር ራሱ ለካ፤ የፊቱን ክፍት፣ የላዩን፣ የጎኑን፣ አንድም አልሳተ። ወይዘሮዋ ታዲያ አፏ አያርፍም፣ ‹ከኋላው የሚነፍስበት አለው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እዚያ ጋ ልክፈትለት?› ብላ ጠየቀች። … ሳቀ። እንዴት ያለ ጥሩ ሳቅ መሰለሽ፤ ጥርሱ ያምራል። ‹እናቴ፣ አቧራው የሚገባው በዚያ እኮ ነው!› አላት። እንዲያውም ቁልፍ ይደረግበት አለ። ስድስት ቁልፍ አደረገችበት። የተማረ ሰው ካለ እሷ ምን ትላለች?»

ስድስቱን ቁልፍ መርዳሳ በገዛ እጁ ነበር የቆለፋቸው፤ እንግዶቹ ከመድረሳቸው አምስት ደቂቃ በፊት። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ሰኞ ዕለት፣ ያንን ልብስ ገልጦ ውስጡን ሲያየው የከፋዩ ጀርባ ማራገቢያው በሚነፍስበት ልክ ክብ ሆኖ ጠቁሮ አገኘው። ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነበር። ዕቃው ሁሉ የሚስማማ ነበር፤ ያልተስማማው እሱ ያለበሰው ልብስ ብቻ ነው። አጥፎ ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ለሚስቱም አልተናገረ። ማንም አያውቅም ብሎ ነው ዛሬ ብርቱካን ገዝቶ የመጣው፤ ልብሱን የሰፉት ሴትዮ ማን እንደሆኑ ረስቶት ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ነገር ልብ አይሉም ብሎ ነው። አሁን ያ ሐሳቡ ራሱን አሳፈረው።

«እንግዲህ እንግዶቹ መጡ፤ ኮምፒዩተሩ በራ፤ አጨበጨቡ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ሸተተና ጠፋ። ዘርፌ፣ የሰውየውን ትልቅነት ልብ በዪልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል፤ ልብሱን ይገልጣል፤ እጁን ሰዶ ሞቆ እንደሆነ ይዳስሳል። ስንት ሐኪም አለ ሳይመረምር የማያውቅ! እሱ ግን ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ ምንም ሳይነካ፣ ጥፋተኛውን አወቀው። ያውም ስሙን ከነአባቱ። … ትምህርት እንዲህ ነው።

«ቃሉ ደግሞ እንዴት ይከበራል መሰለሽ! በሳምንቱ የከተማው ሰው ሁሉ ሰማው። የልጁ ደንበኛ ገርባ ሊያስጠግን የሰጠውን ሬዲዮ መጥቶ ወሰደ፤ ሳይሠራ። ‹ቸኩዬ ነው› አለ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ክፉ አልተናገረም። ሌሎቹም ቸኮሉ። የዚያን ሳምንት የቸኮለ ሰው ብዛቱ! መደርደሪያው በአራት ቀን ባዶ ሆኖ ቀረ። ልጁም ምን ያድርግ፣ ሻሸመኔ ሄደ። ጋራዥ ውስጥ የከባድ መኪና ባትሪ ይሞላል። ሥራው ጥሩ ነው ብሎ ልኮልኛል… ልኮላታል፣ ለእናቱ ማለቴ ነው። አሲዱ እጁን ትንሽ ላጠው እንጂ ሌላ ችግር የለም። ያ ሽቦ የሚያበጥርበት እጁን። እናትየው ታለቅሳለች አሉ። አይ እናት፣ ምን ያስለቅሳታል? ልጇን እኮ ያባረረው የለም። ‹ሂድ› ያለው ሰው የለም። ያ ሰው ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።»

ወይዘሮ ተሻለች ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ቀሚሱን ለዘርፉ አቀበሏት። ዘርፉ ተቀበለች እንጂ አልተነሳችም። መኪናው አሁን ዝም ብሏል። መርዳሳ እንዲናገር ቤቱ ሁሉ የሚጠብቀው መሰለው። ጫላ ሻሸመኔ መሄዱን አልሰማም ነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው» የምትል ሦስት ቃል ነበረች። ቢናገራት ዘርፉ ትሰማለች፤ ዘርፉ ከሰማች ማታውን ሰፈሩ ይሰማል፤ ሰፈሩ ከሰማ ጫላ በሚቀጥለው ሳምንት መደርደሪያው ጋ ይመለሳል። ሐሙስ ግን የእህል መጋዘኑ ሰዎችም ይሰሙ ይሆናል። ይኼን እያሰላ ሳለ ወይዘሮ ተሻለች ተነስተው ከአልጋው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጎትተው አወጡ።

«መምህር፣ እርስዎ በዚያ ሰው አካባቢ ሳያልፉ አይቀሩም። ይችን ያድርሱልኝ። ልጁ ከመሄዱ በፊት ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ ሠርቷት ነው። ‹ሰው አጠፋ እንጂ ዕቃው ምን አደረገ› አለ። ሞኝነቱ መቼም አይለቀውም። ማራገቢያዋ ቀልጦ ነበር አሉ፤ ውስጡም ሰማያዊ የከፋይ ብጣሽ ተጠምጥሞበት። እናትየው ገና ስታየው አወቀችው። ልብስ ሰፊ ናት አይደል? የሰፋችውን ጨርቅ ታውቃለች።»

ሣጥኑን አቀበሉት። ያው ዝገት የበላው፣ ከባዱ፣ አስቀያሚው ሣጥን ነው። ጋዜጣው ላይ በጫላ ጠባብ ጽሕፈት፦ «ተሠርቷል። ማራገቢያው አዲስ ነው። ከኋላው አይዘጋ።» የጻፈው ይኼን ብቻ ነው። ወቀሳ ፈልጎ ገለበጠው፤ የለም። የመጣበት ጉዳይ በሙሉ እጁ ገብቷል። ሐሙስ ተርፏል ማለት ነው።

ተነሳ። ብርቱካኑን ወንበሩ ላይ ተወው። በር ድረስ ሲደርስ ዞር አለና ከንፈሩን አላቀቀ፤ ሦስቷ ቃል ምላሱ ላይ ነበረች። ወይዘሮ ተሻለች ግን መቀሳቸውን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል። በዚያ ሰፈር ትልቅ ሰው ሊመርቅ እጁን ሲዘረጋ ማንም አያቋርጥም፤ እጅ ይዘረጋል፣ አሜን ይባላል። ዘርፉ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ጥላ መዳፏን ከፈተች። መርዳሳም ሣጥኑን በብብቱ ይዞ፣ የቀረችውን አንድ እጁን ዘረጋ።

«በሉ አሜን በሉልኝ፤ ለዚያ ሰው ነው። እኔ ቂም አላውቅም። … ሥራው ይቃናለት። የጀመረው ይለቅለት። ሐሙስ… የትኛውም ቀኑ ማለቴ ነው፣ ያማረ ይሁንለት። እንግዶቹ ያጨብጭቡለት። ቤቱ ይሙላ፣ ስሙ ከፍ ይበል፣ ልጆች ይውለድ፤ የወለዳቸውም ከዓይኑ አይራቁበት፣ ሻሸመኔ ድረስ አይናፍቁት። … እሱም እንደ ሰው አንዳንዴ ይሳሳት ይሆናል፤ በተሳሳተ ቁጥር ጥፋቱን ተሸክሞለት የሚሄድ የሰው ልጅ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ልኩን አያሳጣው።»