ከስጦታው በኋላ ተርፌ ወደ ሞጣ ስሄድ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ከሥራችሁ ላይ ሰዓት ቆርሳችሁ ይህን የመሸኛ ምሳ ስላዘጋጃችሁልኝ እጃችሁ ይባረክ። ወጡን የሠራችው አየሁሽ ናት። ከሌላ ሰው እጅ ብበላው ይቀለኝ ነበር።

ለአዲሶቹ ልንገራችሁ። የካርድ ክፍሏ አየሁሽ የስጦታው ባለቤት ናት። ስጦታው የሆስፒታላችን መድኃኒት ቤት ባለሙያ ነበር። እኔና እሱ በአንድ ዓመት የአንጀት ካንሰር ተገኘብን። ባሕር ዳር ቀዶ ሕክምና ተደረገልን፤ የወሰድነውም መድኃኒት አንድ ዓይነት ነበር። በሚኒባስ ወደ ብቸና ስንመለስ ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ፣ «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አንጀቴ ተቆረጠ ስትል ኖረች፤ ይኸው የተቆረጠው የኔ ሆነ» አለኝ። ስፌቴን እያመመኝ ሳቅሁ።

የእሱ በሽታ ተመለሰበት። የእኔ አልተመለሰም። ለምን?

ሐኪሞቹ በፈቃዳችን ዕጢዎቻችንን ለጥናት ወስደው ነበር። በስጦታው ዕጢ ውስጥ አፍ ውስጥ የሚኖር፣ ድድ ሲታመም የሚበዛ ባክቴሪያ ተገኘ። በእኔ ውስጥ አልነበረም። ባክቴሪያው ያለበት ሰው ላይ መድኃኒቱ ሊደክም፣ በሽታውም ሊመለስ እንደሚችል ጥናቶች ያመለክታሉ። እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝና ከስጦታው ቀብር በኋላ ይህን ለአየሁሽ አስረዳኋት። ማወቅ የሚያጽናናት መስሎኝ ነው።

«ድዱ ሲደማ በጨው ውኃ ተጉመጥመጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ብወስደው ይተርፍ ነበር ማለት ነው?» አለች።

ከዚያ ወዲህ እሷ በኮሪደሩ ስታልፍ የላብራቶሪውን በር እዘጋለሁ። በሕይወት መኖሬ ራሱ የሷን ድርሻ የወሰድኩ ያህል ያሳፍረኛል። ዝውውር ስጠይቅ «ልጆቼ ሞጣ ናቸው» አልኩ። እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም።

ትናንት ራሷ በሩን ከፍታ ገባች።

«ዘመነ፣ የምትሄደው ከእኔ ሸሽተህ ነው?»

አልካድኩም።

«ስጦታው ሲታመም ከአልጋው አጠገብ አትጠፋም ነበር። ከሞተ ወዲህ ግን ደጄን አልረገጥህም። ባሌን በሽታ ወሰደብኝ፤ አንተንስ ማን ወሰደህ?»

አየሁሽ፣ ያኔ ስለ ድዱ የጠየቅሽኝን ዛሬ በሰው ፊት ልመልስልሽ። ጥናት የብዙዎችን ነገር ይናገራል እንጂ አንድ ሰው ለምን እንደሞተ አይናገርም። ባክቴሪያው በሽታውን የሚያባብስ ይሁን፣ ወይስ የባሰበትን የሚከተል፣ ገና ጠርቶ አልታወቀም። ስጦታውን የጨው ውኃሽ አልገደለውም። ያን በነገርኩሽ ቀን ይህንንም ልነግርሽ ይገባ ነበር። እኔ ለምን እንደተረፍሁ ብትጠይቂኝ ግን ዛሬም አላውቅም።

ባልደረቦቼ፣ ድዳችሁ ሲደማ፣ የሆዳችሁም ጠባይ ሲለወጥ ችላ አትበሉ፤ ቶሎ ታዩ። በየእምነታችን የምንለምነው ፈጣሪ ጤናውን ያብዛላችሁ፤ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ፤ ከምታክሙት ሰው ፊት አያሳፍራችሁ።

አየሁሽ፣ መኪናው የሚነሳው ከነገ ወዲያ ነው። ነገ፣ ከፈቀድሽልኝ፣ ቤትሽ እመጣለሁ።