ጋቢውን ያስያዘው ልብስ ሰፊ

በዚያ ዘመን እሑድ እሑድ የአራዳ ልጆች ጃንሜዳ ላይ ከፈረንጆቹ ጋር ኳስ ይጋጠሙ ነበር። አንድ እሑድ ጧት ጨዋታውን ለማየት በፈረስ ጋሪ ስሄድ፣ ዶሮ ማነቂያ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ከሚስቱ ጋር ተሳፍሮ አጠገቤ ተቀመጠ።

«በዚህ ብርድ ጋቢህን የት ጣልከው?» አለችው።

«አስያዝኩት።»

«ምን አልክ?»

«የአራዳ ልጆች ያሸንፋሉ ብዬ ከግሪኩ ባለሱቅ ጋር ተወራረድኩ።»

«ክረምቱን ሙሉ የፈተልኩትን ጋቢ!»

ባለጋሪው ሳቀ። «አባባ፣ ባለፈው ስድስት ገብቶባቸው የለም እንዴ?»

«አንተ ፈረስህን ንዳ!»

«ለመሆኑ አሸንፈው ያውቃሉ?» አለች ሚስት።

«አያውቁም።»

«አንድ ቀን እንኳ?»

«አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ፣ ሜዳው ጭቃ ሆኖ እኩል ወጡ። ያን ቀን ሁሉም ያስያዘውን መልሶ ወሰደ።»

«ታዲያ ምን ነካህ?»

«የሰፋሁላቸውን ማልያ ሊወስዱ መጥተው ደጄ ላይ ቆመዋል። ግሪኩ ‹ለእነዚህ የሚወራረድ አለ?› ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ዝም። ልጆቹ ይሰማሉ እኮ! እኔም ዝም ልበል?»

«ቢሸነፉስ?» አለችው።

«ጋቢው ይሄዳል።»

«ይሂድ፤ ሌላ እፈትላለሁ» አለችና የነጠላዋን ጫፍ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። «ተጠጋ፣ ለሁለት ይበቃናል።»

ፈረንጆቹ ያሸንፋሉ ብዬ አስይዤ የነበርኩት እኔ፣ ጥርት ወዳለው የጥቅምት ሰማይ ቀና ብዬ በልቤ ትንሽ ዝናብ ለመንኩ።